ክረምቱን ከልጆች ጋር የት እናሳልፈው? ለመሀል አዲስ አበባ ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። ዝናቡም በዚያው ሰሞን ይበረታል። ልጆቻችን የዓመቱን ረጅም እረፍት የሚያገኙት ከተማው ጭቃና ጉም በሚሆንበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ቤት አንድ መላ ብቻ ይዞ ይከርማል። ጠዋት ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ከሰዓት ቴሌቪዥንና ስልክ። አያቶችም ልጆቹ ወደ በር ሲጠጉ «ተው፣ ብርድ ይመታቸዋል» ይላሉ።

ማጠናከሪያውን አልጠላም። የአያቶችም ስጋት ከፍቅር ነው። ግን ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜ ተደምረው ከሁለት ወር በላይ ናቸው። ልጅ ትንሽ ሆኖ ከእናት ከአባቱ ጋር ውጭ የሚውልበት ጊዜ ደግሞ ቶሎ ያልፋል። ክረምት ላይ መውጣት ይቻላል። ዋናው ነገር የቱ ቦታ ለየትኛው ቀንና ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን መለየት ነው።

እኛ የምንኖረው ግንፍሌ አካባቢ ነው። የሰባት ዓመት ሴት ልጅና ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ልጅ አሉን። ከታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለዚህ ዓይነት ቤተሰብ ነው፤ መኪና ባይኖርም፣ ገንዘብ ቢያጥርም፣ ትንሹ ልጅ እንቅልፉ ቢመጣም መውጣት ለሚፈልግ።

ቦታ ከመምረጥ በፊት

መጀመሪያ ሰማዩን እዩ። ሐምሌና ነሐሴ የአዲስ አበባ ዝናብ የሚከፋባቸው ወራት ናቸው። ቢሆንም በአብዛኛው ጠዋት ይከፈታል፣ ደመናው ወደ እኩለ ቀን ይከማቻል፣ ዶፉ ከሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ በክረምት የቤተሰብ መውጫ ሰዓት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው፣ መመለሻው ደግሞ 6 ሰዓት ተኩል። ጠዋት ስትነሱ ካፊያ ጀምሮ ከሆነ፣ ያ ቀን የጣራ ስር ቀን ነው። ሜዳ ለመሄድ የገባችሁትን ቃል በዚያው ቀይሩት። ልጆች ምክንያቱ ሲነገራቸው ይረዳሉ።

ቀጥሎ መጸዳጃ ቤት። ስለሱ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ዳይፐር ገና የተወ ልጅ ያለው ወላጅ ግን ቦታ የሚመርጠው በእሱ ነው።

ሦስተኛው መጠለያ ነው። እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ይሄ ነው፦ አሁን ዶፍ ቢወርድ፣ ልጁን አዝዬ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጣራ ስር እገባለሁ ወይ? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ያ ቦታ የጳጉሜ እንጂ የሐምሌ አይደለም።

ከእነዚህ ሦስቱ ቀጥሎ የራሴን አቋም ላስቀምጥ። ለትናንሽ ልጆች ቅርብ ቦታ ደጋግሞ መሄድ፣ ሩቅና ትልቅ ቦታ አንዴ ከመሄድ ይበልጣል። የሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ስንት ነገር እንዳየ አይቆጥርም። የሚያስታውሰው የለመደውን ነው። ያንን ዥዋዥዌ፣ ያንን ድንጋይ፣ ባለፈው ሳምንት ያየውን ውሻ። ታላቅየዋ ግን አዲስ ነገር ትፈልጋለች። ሁለቱን ማስታረቅ ነው የወላጅ ሥራ።

አንድነት ፓርክ ወይስ ወዳጅነት?

እነዚህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። ከ4 ኪሎም ከካዛንቺስም ቅርብ ናቸው። ሰው ሁልጊዜ አንድ ላይ ይጠራቸዋል። ለልጅ ግን በጣም የተለያዩ ናቸው።

አንድነት ፓርክ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። የግብር አዳራሹ፣ የዙፋን ቤቱ፣ የክልሎችን ባህል የሚያሳዩት ቤቶች፣ ከዚያ ደግሞ ጥቁር ጎፈር አንበሶቹ። ለእኛ ትውልድ አንበሳ ማለት ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነበር። ለአሁኖቹ ልጆች አንድነት ፓርክ ነው። የሰባት ዓመቷ የግብር አዳራሹ ውስጥ ገብታ ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ይበላ እንደነበር ስትሰማ ዓይኗ ይፈጣል። ትንሹ ግን እዚያ ውስጥ የሚፈልገው ነገር የለም። እሱ አንበሳውን አይቶ ጨርሷል፤ አሁን መሮጥ ነው የሚፈልገው። ግቢው ሰፊ ነው፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚኬደው በእግር ነው፣ ያ መንገድ ደግሞ ክፍት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዙፋን ቤቱ ስር ያለው ክፍል በደርግ ጊዜ ባለሥልጣናት የታሰሩበት ነው። ታሪኩ መታወቅ አለበት። ከስምንት ዘጠኝ ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን እኔ ባይገባ እመርጣለሁ። ጥያቄው ማታ መኝታ ላይ ነው የሚመጣው።

ወዳጅነት ደግሞ የሜዳ ቦታ ነው። ሣር፣ ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ ሰፊ መንሸራሸሪያ፣ የልጆች መጫወቻ። የሚነበብ ነገር የለም፣ ዝም ብሎ መሮጥ ነው። የሕፃን ጋሪ ያለችግር ይሄዳል። ጉድለቱ መጠለያው ማነሱ ነው። ሲዘንብ ሁሉም ወደ አንድ ጣራ ይሮጣል።

ስለዚህ ከአምስት ዓመት በታች ወዳጅነት። ከሰባት በላይ አንድነት። ሁለቱም ዕድሜ ቤታችሁ ካለ እንደኛ አድርጉ፤ አንደኛው ወላጅ ከታላቋ ጋር አንድነት ይገባል፣ ሌላው ከትንሹ ጋር ወዳጅነት ይቆያል፣ ከዚያ ምሳ ላይ ይገናኛሉ። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ለብቻው ሲውል የሚያወራው ነገር ይለያል። እኔ ብዙ ነገር የሰማሁት በእንደዚህ ዓይነት ጠዋት ነው።

የመግቢያ ዋጋና የሚከፈቱበት ቀን ስለሚቀያየር፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት አጣሩ። ሁለት ልጅ ይዞ በር ላይ ደርሶ መመለስ ከባድ ነው።

የካፊያ ቀን፦ ከሙዚየሞቹ የቱ?

ከ4 ኪሎ እስከ 6 ኪሎ ያለው መንገድ ለዝናብ ቀን የተሠራ ይመስለኛል። ብዙ ወላጅ ሙዚየም ለልጅ ይከብዳል ብሎ ይተወዋል። የሚከብደው ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት ሲሞከር ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ይበቃዋል። ሁሉም ሰው የሚሄደው ድንቅነሽን ለማየት ነው። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው። ለእይታ የሚቀርበው ቅጂው መሆኑን ለልጆች ቀድሞ መንገር ጥሩ ነው፤ እውነተኛው አጥንት ለጥንቃቄ ተቀምጧል ስትሏቸው የበለጠ ያከብሩታል። ልጆችን የሚይዛቸው ግን የሰላም ታሪክ ነው። ሰላም በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘች የሕፃን ቅሪተ አካል ናት። ከድንቅነሽ በ100 ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማለች። ስትሞት የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ይህን ለልጄ ስነግራት ወንድሟን ዞር ብላ አየችው። ከዚያ «እናቷስ የት ነበረች?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ ስል ብቻ እንደገና እሄዳለሁ።

የአድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ትልቅ ነው፣ አብዛኛው በጣራ ስር ነው፣ ለዝናብ ቀን ከዚህ የሚሻል ሕንፃ መሀል ከተማ ላይ አላውቅም። ግን ጊዜ ይፈልጋል። ግማሽ ቀን መድቡለት። ልጁ ስለ እቴጌ ጣይቱና ስለ ጦር ሜዳው ፈረሶች ቤት ውስጥ ትንሽ ሰምቶ ከሄደ ይደሰታል። ሳይሰማ ከሄደ ትልልቅ አዳራሾች ብቻ ያያል። ስለዚህ ይህን ለስድስት ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ አስቀምጡት።

የ6 ኪሎው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ሰው የሚረሳው ነው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ መኝታና መታጠቢያ ክፍል አለ፣ ይህ ልጆችን ሁልጊዜ ይገርማቸዋል። ንጉሥም ገላውን ይታጠባል! መሰንቆው፣ ክራሩ፣ በገናው አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ውጭ ላይ ደግሞ ጣሊያን የሠራው፣ ወደየትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ጣሊያን ሲባረር ለምን አንበሳው እንደተቀመጠ ለመንገር ጥሩ ቦታ ነው። ዝናቡ ፋታ ከሰጠ የግቢው ዛፎች ስር መንሸራሸር ይቻላል። በር ላይ ስለሚጠየቅ መታወቂያ ያዙ።

4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሙዚየም ባይሆንም እዚህ ይግባ። የተከፈተው በ2014 ዓ.ም. ነው። ማንበብ ለጀመረ ልጅ የከሰዓቱን ዶፍ ለማሳለፍ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ለትንሹ ግን ዝም በል ማለት ስቃይ ነው፤ ታላቋና እኔ ብቻ ነን የምንሄድበት።

ሳይንስ ሙዚየሙን በተመለከተ፣ ዐውደ ርእይ ያለ ጊዜ ሂዱ። ልጆች ነክተው የሚሞክሩት ነገር ሲኖር ጥሩ ነው።

ወደ ላይ ስንወጣ፦ እንጦጦ ወይስ ጉለሌ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የክረምት እውነተኛው ውበት ያለው ተራራው ላይ ነው።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተከፈተ። ፈረስ ግልቢያ አለ፣ ሳይክል አለ፣ ዚፕላይን አለ፣ ካፌና ምግብ ቤት አለ። መንገዶቹ ለእግር የተሠሩ ስለሆኑ ጭቃው ብዙም አያስቸግርም። ዝናብ ቢመጣ የሚገባበት አይጠፋም። መኪና ለሌለው ሰው ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣ ታክሲ ይገኛል።

ችግሩ ብርዱ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በየ100 ሜትሩ ሲጨምር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመሀል ከተማው በ3 እና በ4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ነፋስና ጉም ሲጨመርበት ልጅ በግማሽ ሰዓት ከንፈሩ ይጠቁራል። ታሪኩም ይህንኑ ይነግረናል። የምኒልክ መቀመጫ መጀመሪያ እንጦጦ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከዚያ ብርድ ወርዶ ፍልውሃ አጠገብ ሲሰፍር ነው፣ እቴጌ ጣይቱም ቦታውን ወደውት በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቆረቆረችው። ልጄ ይህን እዚያው ላይ ሆና ብርድ እየያዛት ስትሰማ ወዲያው ገባት።

የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሌላ ዓለም ነው። 705 ሄክታር ነው። ከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ አገር በቀል ዕፅዋት የሚጠበቁበት ቦታ ነው። ጽድ፣ ኮሶ፣ ወይራ። ጠዋት በጸጥታ የሄደ ሰው ድኩላ ሊያይ ይችላል። ጨዋታ የለም፣ ዚፕላይን የለም፣ ጫጫታ የለም። ልጅ ቅጠል ይለቅማል፣ ቀንድ አውጣ ይከተላል፣ ኩሬ ውስጥ ይዘላል። እንግዲህ ይሄ ነው እኔ ክረምት የምለው።

ሲነጻጸሩ፦ እንግዳ ወይም ጎረምሳ የአክስት የአጎት ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እንጦጦ። ትንንሾች ብቻ ከሆኑና ቦት ጫማ ካላቸው ጉለሌ። ለገንዘብም ጉለሌ ይቀላል፤ እንጦጦ ላይ ልጅ የሚያየው ሁሉ ክፍያ ያለው ነው፣ ከፈረሱ አጠገብ ቆሞ አይሆንም ማለት ለወላጅ ልብ ይሰብራል። ሁለቱም ጋ ግን ነጎድጓድ ሲጀምር ዛፍ ስር አትጠለሉ። ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና ግቡ። ከእንጦጦ ደግሞ ቀን በቀን ውረዱ፤ ሲመሽ ጅብ አለ።

ብርድ ለማይወድ ቤተሰብ የፍልውሃውን ነገር ላስታውስ። የሂልተን ሆቴል መዋኛ ከመሬት በሚወጣ ፍል ውሃ የሚሞላ ነው። ካፊያ እየወረደ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ መዋኘት ልጅ የማይረሳው ነገር ነው። ውድ ነው። በክረምቱ አንዴ፣ ለልደት ወይም ጥሩ ውጤት ለመጣበት።

ምንም የማይከፈልባቸው

ከ4 ኪሎ ወደ ፒያሳና ወደ ቦሌ የተሠራው የኮሪደር መንገድ ለወላጆች ትልቅ ነገር ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የሳይክል መስመር፣ አረፍ የሚባልባቸው አደባባዮች። ዝናብ ቢመጣ ካፌ ቅርብ ነው። ትንሽ ልጅ በጋሪ ይዞ ከቤት በእግር መውጣት በፊት የማይታሰብ ነበር። እሁድ ጠዋት ብዙ ሰው ሳይወጣ ሂዱ። የሳይክል መስመሩን ግን አትመኑት፤ ሞተር የሚገባበት ጊዜ አለ።

መስቀል አደባባይ ደግሞ ሳይክልና ስኩተር ለሚማር ልጅ ነው። ሰፊ ነው፣ ዝናቡ ቶሎ ይደርቅለታል። ደረጃው ላይ ዚግዛግ የሚሮጡትን ስፖርተኞች ማየት ብቻውን ይበቃል፤ ልጄ ከኋላቸው መሮጥ ትወዳለች። ጠዋት 1 እና 2 ሰዓት ላይ ምርጥ ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ ግን አይመችም፤ አንዴ ካመለጠ ሩቅ ነው የሚደርሰው።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የወንዝ ዳር የለም። ግንፍሌም ቀበናም በክረምት በድንገት ይሞላሉ። ልጅ ይዞ ዳራቸው መቆም አይገባም።

ክረምቱ ራሱ የሚያመጣው

ቦታ ሳይመረጥ የሚመጡ ነገሮች አሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የምወዳቸው እነዚህን ነው።

ሐምሌ የችግኝ ወር ነው። በየወረዳው የአረንጓዴ አሻራ ቀን ይኖራል። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ደግማችሁ የምትሄዱበት ቦታ ላይ ትከሉ። ካልሆነ በግቢው ጥግ ወይም በኮንዶሚኒየሙ አጥር ስር አንድ ችግኝ። ልጅ የራሱን ችግኝ በየሳምንቱ ሲያይ ነው ነገሩ የሚገባው።

ከዚያ በመንገዱ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት ይመጣል፣ በለስም ይመጣል። በቆሎ እየጋጡ በካፊያ መሄድ ለብቻው አንድ ጉዞ ነው። በለሱን ሻጩ ይላጠው፤ እሾኹ ለልጅ እጅ ከባድ ነው።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ብዙ ልጆች የሚጾሙት፣ የሚቆርቡት ጾም ነው። ስለዚህ ጾሙን የሚይዝ ቤተሰብ እስከ አጋማሽ ድረስ ቀኑ በቅዳሴው ሰዓት ይመራል፤ ረጅም ጉዞ አታስቡ። ከጎረቤቶቻችን መካከል ልጆቹን መድረሳ የሚልኩም አሉ፣ የእነሱም ነፃ ሰዓት ሌላ ነው። የጋራ መውጫ ከማቀድ በፊት መጠያየቅ ጥሩ ነው።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ሆያ ሆዬ መሀል ከተማ ላይ እየቀነሰ ነው፣ አፓርታማው በሩን ዘግቷል። እኔ እንዳይጠፋ እፈልጋለሁ። ዘንድሮ ከግቢያችሁ ልጆች አምስት ስድስቱን ሰብስቡ። ግጥሙን ሳምንት ቀደም ብላችሁ አስተምሯቸው። ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር፣ ለሚያውቋቸው ቤቶች ብቻ ይዘፍኑ። ሙልሙሉን አያቶች ይጋግሩ፤ ይህን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ሴት ልጆችን አትከልክሉ። የእነሱ አበባየሆሽ ለእንቁጣጣሽ ይመጣል፣ ግን እስከዚያ ቁጭ ብለው ማየት የለባቸውም።

ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን ዝናብ የተባረከ ነው ይባላል፣ ልጆችም «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ይታጠቡበታል። ለዚህ መግቢያ አይከፈልም፣ ታክሲ አይያዝም። ሞቅ ያለ ፎጣና ሻይ በር ላይ አዘጋጁ። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። እስካሁን ልጆቼ ከየትኛውም ፓርክ በላይ የሚያወሩት ስለዚህ ቀን ነው።

ከከተማ መውጣትስ?

ደብረ ሊባኖስና የፖርቹጋል ድልድይ በክረምት ፏፏቴያቸው ያምራል። ገደሉ ግን ገደል ነው፣ ድንጋዩ ያዳልጣል። ትንሽ ልጅ ላለው ለጥቅምት ይቆይ። ቢሾፍቱ ይሻላል፤ በፈጣን መንገዱ ቶሎ ይደረሳል፣ ከአዲስ አበባም ዝቅ ያለ ስለሆነ ሞቅ ይላል። አንድ ቅዳሜ በቂ ነው።

ቦርሳው ውስጥ

ለእያንዳንዱ ልጅ ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ። ጃንጥላ ለወላጅ ነው፣ ለልጅ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ። በፔርሙዝ ሻይ። ቆሎ፣ ሙዝ፣ ዳቦ በእንቁላል፤ በጾም ከሆነ ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ከቤት የተያዘ ምግብ ካለ የአንድ ጠዋት ወጪ በግማሽ ይቀንሳል። ልጁ ማሳል ከጀመረ ወይም ትኩሳት ካለው አትውጡ። እርጥብ ልብስ ግን ወዲያው ከተቀየረ ብዙም አያስፈራም።

እንግዲህ እኔ ብመርጥ እንዲህ አደርጋለሁ። ሐምሌን በቅርብ ቦታዎች፦ ክፍት ጠዋት ሲገኝ ወዳጅነት ወይም ኮሪደሩ፣ ካፊያ ሲሆን ብሔራዊ ሙዚየም። ከፍልሰታ በኋላ ጉለሌ፣ ከዚያ ከታላቋ ጋር አድዋ መታሰቢያ። እንጦጦን ለጳጉሜ አቆየዋለሁ፤ ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር ከተማው ከላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ለዚህ ሲባል ደብተርና ዩኒፎርም ከነሐሴ 20 በፊት ገዝታችሁ ጨርሱ። ጳጉሜ ላይ ሁሉም ገበያ ነው የሚውለው፣ ታክሲውም ይጠፋል፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው ግን ጠዋት ላይ ባዶውን ነው የሚሄደው።